የኢንጀክተር «መጠን» እና የፈረስ ጉልበት፦ በቱርቦ ሞተር ስሌት ውስጥ ስለሚገኙ ቃላት አተረጓጎም

የቴክኒክ ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግሩት እንግዳ የሆኑት ቃላት ይመስሉታል። ይሁን እንጂ እንግዳው ቃል መዝገበ ቃላት ያስገልጣል፤ ባለሙያ ያስጠይቃል፤ ስለዚህም ስሕተቱ ከመታተሙ በፊት የመታረም ዕድል አለው። ይበልጥ የሚያስቸግረው የታወቀ መስሎ ሳይጠየቅ የሚያልፈው ቃል ነው። «መጠን»፣ «ጉልበት»፣ «ግፊት»፣ «ፍሬን»፣ «ጋዝ» የሚሉት ቃላት ለማንም አዲስ አይደሉም። ስለ መኪና ሞተር በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ ግን እያንዳንዳቸው፣ ወይም እነሱ የሚተኩት የባዕድ ቃል፣ ከዕለታዊው ፍች የተለየና በቁጥር የሚለካ ፍች ይዘው ይገኛሉ።

ለዚህ ማሳያ እንዲሆነን የመረጥነው በቱርቦ በሚሠራ የቤንዚን ሞተር የኢንጀክተሩን ልክ ከሚፈለገው የፈረስ ጉልበት ጋር የማመጣጠን ስሌት ነው። ስሌቱ አጭር ነው፤ ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሁሉ ይሠራዋል። ነገር ግን በውስጡ ካሉት ስድስት ወይም ሰባት ቃላት አንዱ ተዛብቶ ቢተረጐም የሚገኘው ቁጥር ይሳሳታል፤ የተሳሳተው ቁጥር ወደ ማነስ ያደላ እንደ ሆነም ሞተሩ ፒስቶኑን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው የቃላት ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ መመዘኛም ጭምር ነው። ይኸውም፦ ስሌቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ ሲነበብ አንባቢውን ወደ ትክክለኛው ቁጥር ካደረሰው ቃላቱ ተስማሚ ናቸው፤ ካላደረሰው ምንም ያህል ለጆሮ ቢያምሩ ተስማሚ አይደሉም የሚል ነው።

፩. ነገሩን ከስሙ በፊት ማወቅ

የቤንዚን ሞተር አየርንና ቤንዚንን ቀላቅሎና አምቆ በካንዴላ ፍንጣሪ ያቃጥላል። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን ያለ ትርፍ አየርና ያለ ትርፍ ነዳጅ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ሲሊንደሩ በራሱ ስቦ የሚያስገባው አየር የተወሰነ ስለ ሆነ የሚቃጠለው ነዳጅም፣ የሚገኘው ጉልበትም በዚያው ልክ የተወሰነ ነው። ቱርቦ ይህን ወሰን ያሰፋል። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንድ ባለ ክንፍ መዘውር ያሽከረክራል፤ ከዚያው ዘንግ ጋር የተያያዘ ሌላ መዘውር ደግሞ አየሩን አምቆ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቢዩኪ ለዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። በሽያጭ በቀረቡ የቤት መኪናዎች ላይ የታየው ግን እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ውስጥ በኦልድስሞቢል ጄትፋየርና በሼቭሮሌ ኮርቬር ነው።

እነዚህ ሁለት መኪናዎች ነዳጅ የሚያገኙት በካርቡራቶር ነበር። ካርቡራቶር ነዳጁን በአየሩ መሳብ ኀይል የሚያስወጣ ዕቃ ነው። በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚረጭ የቤንዚን መርጫ በብዛት ወደ ገበያ የገባው የጀርመኑ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1967 ዲ-ጄትሮኒክ የተባለውን ሥርዐት ለፎልክስዋገን መኪና ባቀረበ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የነዳጁን ልክ የሚወስነው የአየሩ መሳብ መሆኑ ቀርቶ መርጫው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ሆነ።

መርጫው እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ እንመልከት። ነዳጁ በፖምፓ ተገፍቶ በማያቋርጥ ግፊት መርጫው ደጃፍ ላይ ይቆማል። በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ጥቅል ጅረት ሲያገኝ አንዲት ትንሽ መርፌ ወደ ላይ ትነሣለች፤ ቀዳዳው ይከፈትና ነዳጁ ተበትኖ ይወጣል። ጅረቱ ሲቋረጥ መርፌዋ ትመለሳለች። እንግዲህ እዚህ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ዕቃው በሙሉ፣ የጫፉ ቀዳዳና በውስጡ የምትንቀሳቀሰው መርፌ። በጋራዥ አነጋገር ዕቃው በሙሉ «ኢንጀክተር» ወይም «ኖዝል» ሲባል ይሰማል። እኛ «ኢንጀክተር» የሚለውን ለሙሉ ዕቃው፣ «ኖዝል» የሚለውን ለጫፉ ብቻ ማዋል ይሻላል እንላለን። ምክንያቱም የጥገና መጻሕፍት ጫፉ ብቻ እንዲጸዳ ወይም እንዲለወጥ የሚያዙበት ጊዜ አለ። ባዕዱን ቃል መሸሽ ለሚሻ ተርጓሚ «ነዳጅ መርጫ» ጥሩ አማራጭ ነው። ከሕክምናው ልማድ በመነሣት «የነዳጅ መርፌ» ማለት ግን ሙሉውን ዕቃ በክፍሉ ስም መጥራት ይሆናልና አንደግፈውም።

፪. «መጠን» የሚለው ቃል የሚደብቀው

የእንግሊዝኛ ጽሑፎች የኢንጀክተር «ሳይዝ» ይላሉ። ተርጓሚው «የኢንጀክተር መጠን» ወይም «ትልቅ ኢንጀክተር» ብሎ ቢያልፈው አንባቢው የዕቃውን ርዝመትና ውፍረት ማሰቡ አይቀርም። በመልክና በቁመት ፈጽሞ አንድ ዐይነት የሆኑ ሁለት ኢንጀክተሮች ግን አንዱ ከሌላው እጥፍ ነዳጅ ሊረጭ ይችላል። እንግሊዝኛው «ሳይዝ» ሲል የሚለካው ዕቃውን ሳይሆን ዕቃው ያለማቋረጥ ተከፍቶ ቢቆይ በአንድ ደቂቃ የሚያሳልፈውን ነዳጅ ነው። ስለዚህ «የመርጨት ዐቅም» የሚለውን ስም እናቀርባለን። መለኪያው በብዙ አገር ሲሲ በደቂቃ ሲሆን በአሜሪካ ደግሞ ፓውንድ በሰዓት ነው። በተለመደው የጋራዥ ስሌት 1 ፓውንድ በሰዓት 10.5 ሲሲ በደቂቃ ያህል ይሆናል፤ ይህም የቤንዚኑን ክብደት በአንድ ሲሲ 0.72 ግራም አድርጎ በመያዝ የተገኘ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የመርጨት ዐቅም በግፊት ይለወጣል፤ የሚለወጠውም በግፊቱ ልክ ሳይሆን በግፊቱ ስኩዌር ሩት ነው። በ3 ባር ግፊት በደቂቃ 440 ሲሲ የሚረጭ ኢንጀክተር ግፊቱ ወደ 4 ባር ቢያድግ ወደ 508 ሲሲ ይደርሳል። እንግዲህ «440» የሚለው ቁጥር ከግፊቱ ተለይቶ ሲጻፍ ጎደሎ ነው። በምንጩ ጽሑፍ «በ3 ባር» የሚል ሐረግ ካለ ተርጓሚው ለአነጋገር ውበት ሲል ሊያስቀረው አይገባም፤ ሐረጉ ማጌጫ ሳይሆን የቁጥሩ አካል ነውና።

፫. የማን ፈረስ?

«የፈረስ ጉልበት» የሚለው የአማርኛ ስም ሥር የሰደደ ስለ ሆነ መለወጥ አያስፈልገውም። «ጉልበት»፣ «ኀይል» እና «ዐቅም» የሚሉት ቃላት በዕለታዊ አነጋገር እርስ በርሳቸው እየተወራረሱ መነገራቸው ቢታወቅም፣ ሁለቱ ቃላት ተዋሕደው እንደ አንድ ስም ስለሚሠሩ አሻሚነት አይኖርም። አሻሚው የፈረሱ ዜግነት ነው። በእንግሊዞች አቆጣጠር፣ ከጄምስ ዋት በተወረሰው ልክ፣ አንድ የፈረስ ጉልበት 745.7 ዋት ነው። ጀርመኖች «ፕፌርደሽቴርከ»፣ ጣልያኖች «ካቫሎ ቫፖሬ» የሚሉት ደግሞ 75 ኪሎ ግራም ክብደት በአንድ ሴኮንድ 1 ሜትር ከፍ የሚያደርግ ጉልበት፣ ማለትም 735.5 ዋት ነው። የጃፓን ፋብሪካዎችም የሚጠቀሙት በዚህኛው ነው። ልዩነቱ ከ1.4 በመቶ ስለማይበልጥ ስሌቱን አያፈርስም፤ ቢሆንም የጃፓኑ 280 በእንግሊዙ 276 መሆኑን ያላወቀ ተርጓሚ ሁለት መጻሕፍት የተጋጩ ይመስለዋል።

ይበልጥ የሚያሳስተው የፈረንሳይኛው ነው። እዚያ «ፈረስ» ለቀረጥ ማስሊያ የሚያገለግል ቁጥርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ የታየችው ሲትሮየን «ደ ሼቮ» ስሟ ሁለት ፈረስ ማለት ቢሆንም ሞተሯ የሚሰጠው 9 የፈረስ ጉልበት ነበር። እዚህ ላይ ስሙን የቃል በቃል ትርጉም ሰጥቶ ወደ ስሌት ማስገባት ምን ያህል እንደሚያርቅ ግልጽ ነው።

፬. ፍሬን ያልሆነው ፍሬን

የስሌቱ ሁለተኛ ቁጥር አንድ ሞተር አንድ የፈረስ ጉልበት ለአንድ ሰዓት ለመስጠት የሚያቃጥለው ነዳጅ ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ «ብሬክ ስፔሲፊክ ፊዩል ኮንሰምፕሽን» ይባላል። «ብሬክ» በአማርኛ ፍሬን መሆኑ የታወቀ ስለ ሆነ ተርጓሚው «የፍሬን ልዩ የነዳጅ ፍጆታ» ብሎ እንዳይጽፍ ያሰጋል። እንዲህ ያለውን ሐረግ ያነበበ መካኒክ ፍሬን ሲያዝ ስለሚባክን ነዳጅ የተጻፈ ቢመስለው አይፈረድበትም።

የዚህ «ፍሬን» ታሪክ ሌላ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ጋስፓር ደ ፕሮኒ እ.ኤ.አ. በ1821 የሚሽከረከር ዘንግ ቆንጥጦ በመያዝ የሞተርን ጉልበት የሚለካ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ዘንጉን በመጫን ስለሚይዘው ፍሬን ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ከሞተሩ ዘንግ ላይ በቀጥታ የተለካ ጉልበት ሁሉ በእንግሊዝኛ በዚሁ ቃል ይጠራል። ስለዚህ በአማርኛ «በዘንግ ላይ የተለካ» ማለት ፍቹን ሲያሟላ፣ ለሙሉው ስያሜ ደግሞ «የነዳጅ ፍጆታ ምጣኔ» የሚለውን እናቀርባለን። «ምጣኔ» የሚለው ቃል አንዱን ነገር በሌላው ልክ ማየትን ስለሚያመለክት ከ«ልዩ» ይልቅ ለነገሩ ይቀርባል።

ቱርቦ በሌለው የቤንዚን ሞተር ምጣኔው በሙሉ ጉልበት ጊዜ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ከ0.45 እስከ 0.50 ፓውንድ ያህል ተደርጎ ይያዛል። ቱርቦ ባለው ከ0.55 እስከ 0.65 ይደርሳል። ልዩነቱ የመጣው የታመቀው አየር ስለሚሞቅ ሲሊንደሩን ለማቀዝቀዝ ትርፍ ነዳጅ ስለሚጨመር ነው። አማካዩን 0.60 ብንይዝ 272 ግራም ይሆናል። ይህ 272 ግን የሚሠራው ለፈረስ ጉልበት ነው፤ ለኪሎ ዋት ቢሆን 365 ግራም ነው። ተርጓሚው የመለኪያውን ስም ትቶ ቁጥሩን ብቻ ቢያስተላልፍ፣ አንባቢውም 272ን በኪሎ ዋት ቢያባዛ፣ የሚያገኘው ነዳጅ ከሚያስፈልገው በሩብ ያህል ያነሰ ይሆናል።

፭. የክፍት ጊዜ ድርሻ

ሦስተኛው ቁጥር በእንግሊዝኛ «ዲዩቲ ሳይክል» የሚባለው ነው። «ዲዩቲ» ግዴታ፣ «ሳይክል» ዑደት ቢሆኑም «የግዴታ ዑደት» ምንም ፍች አይሰጥም። «የሥራ ዑደት» ማለትም አይበጅም፤ ምክንያቱም ሞተሩ ራሱ መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠልና ማስወጣት የሚባሉ አራት ደረጃዎች ያሉት የሥራ ዑደት አለው። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ይጋጫሉ።

ነገሩ ቀላል ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር አንድ ሙሉ የሥራ ዑደት፣ ማለትም ሁለት ዙር፣ 20 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል። ኢንጀክተሩ ከዚህ ውስጥ 16ቱን ሚሊ ሴኮንድ ተከፍቶ ከቆየ የተከፈተበት ጊዜ ከጠቅላላው 80 በመቶ ነው። ስለዚህ «የክፍት ጊዜ ድርሻ» ብንለው ቃሉ ራሱ ስሌቱን ያስተምራል፤ ድርሻ ስለ ሆነ ከ100 በመቶ ሊበልጥ እንደማይችል አንባቢው ያለ ማስረጃ ይረዳዋል።

ባለሙያዎች ስሌቱን ሲሠሩ ከ80 እስከ 85 በመቶ ያለውን ወሰን ይይዛሉ። ከዚያ በላይ ሲኬድ መርፌዋ ተዘግታ ለመከፈት የሚበቃ ጊዜ ታጣለች፤ ልኩም መታዘዙ ይቀራል፤ ለድንገተኛ ጭማሪ የሚሆን መጠባበቂያም አይገኝም።

እዚህ ላይ «ትልቅ ይሻላል» የሚለው አሳብ ለምን እንደማይሠራ መግለጽ ይገባል። ሞተሩ ቆሞ በደቂቃ 750 ጊዜ ሲዞር የሥራ ዑደቱ 160 ሚሊ ሴኮንድ ቢሆንም የሚያስፈልገው ነዳጅ ጥቂት ስለ ሆነ ኢንጀክተሩ የሚከፈተው ለሁለት ወይም ለሦስት ሚሊ ሴኮንድ ነው። መርፌዋ እስክትነሣ ድረስ ደግሞ 1 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይባክናል። የመርጨት ዐቅሙ ያለ ልክ ከፍ ያለ ኢንጀክተር ከተገጠመ ክፍት ጊዜው ይበልጥ ያጥርና ከዚህ ብክነት ጋር ይቀራረባል፤ ሞተሩም ይንገጫገጫል፣ ነዳጅ ያባክናል። እንግዲህ የእንግሊዝኛው «ማች» እዚህ የሚያመለክተው ማሳደግን ሳይሆን ማመጣጠንን ነው።

፮. ስሌቱ በአማርኛ ሲነበብ

ከላይ የቀረቡት ስሞች ቢጋጠሙ ደንቡ እንዲህ ይነበባል፦ የሚፈለገው የፈረስ ጉልበት በነዳጅ ፍጆታ ምጣኔ ይባዛ፤ የተገኘው ለኢንጀክተሮቹ ቁጥር ይካፈል፤ እንደገና ለክፍት ጊዜ ድርሻ ይካፈል፤ ውጤቱ የእያንዳንዱ ኢንጀክተር የመርጨት ዐቅም ነው።

ይህን በአንድ የታወቀ ሞተር እንፈትን። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የሠራው 2ጄዜድ-ጂቲኢ የተባለው ሞተር 3 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደርና ሁለት ቱርቦ ያለው ነው። ለጃፓን ገበያ የቀረበው 280 የሜትሪክ የፈረስ ጉልበት እንዳለው ሲገለጽ የኢንጀክተሩ የመርጨት ዐቅም በደቂቃ 440 ሲሲ ነበር። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የቀረበው በእንግሊዙ ልክ 320 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው ኢንጀክተሩ ደግሞ 550 ሲሲ ነበር።

የኋለኛውን እናስላ። 320 በ272 ግራም ሲባዛ በሰዓት 87 ኪሎ ግራም ነዳጅ ይሆናል። ለስድስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ኢንጀክተር 14.5 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ለ0.80 ሲካፈል በሰዓት 18.1 ኪሎ ግራም፣ በደቂቃ 302 ግራም ይሆናል። ለ0.72 ሲካፈል በደቂቃ 420 ሲሲ እናገኛለን። የጃፓኑ 440 ሲሲ ኢንጀክተር በዚህ ግምት እንኳ ለጥቂት ይበቃል፤ የክፍት ጊዜ ድርሻው ግን 76 በመቶ ይሆናል። በ550 ሲሲው ኢንጀክተር ድርሻው 61 በመቶ ነው። ለጃፓን የተሠራውን በ276 የፈረስ ጉልበትና በ440 ሲሲ ብናሰላ 66 በመቶ እናገኛለን። ጉልበቱ ከፍ ሲል የመርጨት ዐቅሙም አብሮ ከፍ ስላለ በሁለቱም ገበያ ተቀራራቢ መጠባበቂያ ተገኝቷል ማለት ነው። በምዕራፍ ፬ የጠቀስነውን ስሕተት ሠርተን 272ን በኪሎ ዋት ብናባዛ ግን ከ420 ፈንታ 313 ሲሲ ይመጣ ነበር። በዚያ ኢንጀክተር የተሠራ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ለመስጠት ሲሞክር ነዳጅ ያጥረዋል።

፯. ግፊቱ ከምን ተነሥቶ ይቈጠራል?

በቱርቦ ላይ የሚነገረው ግፊት ሁለት መነሻ አለው። መኪናው ላይ የተተከለው መለኪያ «1 ባር» ሲል በዙሪያችን ካለው አየር ግፊት በላይ 1 ባር ማለቱ ነው። ሞተሩ የሚያቃጥለውን አየር ለማስላት የሚያስፈልገው ግን ከባዶ የተቈጠረው፣ የአካባቢው አየር ግፊት የተደመረበት ነው። የመጀመሪያውን «ትርፍ ግፊት»፣ ሁለተኛውን «ጠቅላላ ግፊት» እንዲባሉ እናቀርባለን። እንግሊዝኛው ሁለተኛውን «አብሶሉት» ስለሚለው «ፍጹም ግፊት» ብሎ መተርጐም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን «ፍጹም» በአማርኛ ጉድለት የሌለበትን ወይም የመጨረሻውን ስለሚያሳስብ አንባቢው ቱርቦው ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ ግፊት ሊመስለው ይችላል።

ይህ ልዩነት በደጋ ለሚኖር አንባቢ ከሌላው ይልቅ የቀረበ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ያህል ነው። በባሕር ዳርቻ፣ ለምሳሌ በጅቡቲ፣ 1.01 ባር ነው። ትርፍ ግፊቱ በሁለቱም ቦታ 1 ባር ቢሆን ጠቅላላ ግፊቱ በአዲስ አበባ 1.76፣ በጅቡቲ 2.01 ይሆናል። ስለዚህ ያው ሞተር፣ መለኪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየ፣ ወደ ባሕር ሲወርድ 14 በመቶ ያህል ተጨማሪ አየር ያስገባል፤ የቆላው ሙቀት አየሩን ስለሚያሳሳው ጭማሪው በመጠኑ ቢቀንስም። አዲስ አበባ ላይ በ80 በመቶ የክፍት ጊዜ ድርሻ የተመጠነ ኢንጀክተር ቆላ ሲወርድ ወደ 91 በመቶ ይጠጋል፤ መጠባበቂያው አለቀ ማለት ነው። «ግፊት» ብቻ ብሎ የተረጐመ ተርጓሚ ይህን ሁሉ ከአንባቢው ሰውሮበታል።

ግፊቱ ሌላም መዘዝ አለው። ኢንጀክተሩ የሚረጨው ወደታመቀ አየር ውስጥ ከሆነ አየሩ ነዳጁን መልሶ ይገፋዋል። የነዳጁ ግፊት በ3 ባር ረግቶ ቀርቶ የቱርቦው ትርፍ ግፊት 1 ባር ቢደርስ በኖዝሉ ላይ የሚቀረው ልዩነት 2 ባር ብቻ ነው፤ የ440ው ኢንጀክተር 359 ሲሲ ብቻ ይረጫል። ይህ እንዳይሆን በብዙ ቱርቦ ሞተሮች የነዳጁን ግፊት የሚቆጣጠረው ዕቃ ከአየር ማስገቢያው ጋር በቱቦ ተገናኝቶ፣ አየሩ በጨመረ ልክ ነዳጁንም ይጨምራል። ስለዚህ «የነዳጅ ግፊት» እና «በኖዝሉ ላይ ያለ የግፊት ልዩነት» ሁለት የተለያዩ ቃላት ሆነው መተርጐም አለባቸው።

፰. የቀጠነና የወፈረ

አየሩ በዝቶ ነዳጁ ሲያንስ እንግሊዞች «ሊን»፣ ነዳጁ ሲበዛ «ሪች» ይላሉ፤ የመጀመሪያው ስብ የሌለው ሥጋ፣ ሁለተኛው ሀብታም ማለት ነው። ፈረንሳዮች ድሀና ሀብታም፣ ጀርመኖችና ጣልያኖች ከሲታና ስብ ይሉታል። እንደሚታየው እያንዳንዱ ቋንቋ ምሳሌውን ከራሱ ቤት አምጥቷል። እኛም «ሀብታም ድብልቅ» ብለን ከሰው ቤት መበደር አያስፈልገንም። በማጀታችን ወጡም፣ በሶውም፣ ጠላውም ይቀጥናል፣ ይወፍራል፤ ዋናው ነገር አንሶ ማቅጠኛው ሲበዛ «ቀጠነ» እንላለን። ስለዚህ «የቀጠነ ድብልቅ» እና «የወፈረ ድብልቅ» የሚሉት ስሞች ያለ ማብራሪያ ይገባሉ ብለን እናምናለን። ቤንዚኑ 1፣ አየሩ 14.7 ከሆነበት ልክ ተነሥቶ አየሩ ከበዛ ቀጠነ፣ ካነሰ ወፈረ ይባላል። ቱርቦ ሞተር በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ከ11.5 እስከ 12.5 ባለው የወፈረ ድብልቅ እንዲሠራ ይደረጋል።

አደጋው ያለው ድብልቁ በከፍተኛ ግፊት ጊዜ ሲቀጥን ነው። ቃጠሎው ይግላል፤ የድብልቁ ቀሪ ክፍል እሳቱ ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል፤ ሞተሩ የማንኳኳት ድምፅ ያሰማል፤ ይህ ከቀጠለ ከአሉሚንየም የተሠራው ፒስቶን ይሰነጠቃል ወይም ይቀልጣል። ይህን ማስጠንቀቂያ ወደ ናፍጣ ሞተር መውሰድ ግን ስሕተት ነው። የናፍጣ ሞተር ሁልጊዜ በትርፍ አየር ስለሚሠራ ነዳጅ ሲያንሰው ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ አይቀልጥም፤ የሚጎዳው ነዳጅ ሲበዛበት ነው፤ ምልክቱም ጥቁር ጭስና ከልክ ያለፈ ግለት ነው። ተርጓሚው ምንጩ የሚናገረው ስለ የትኛው ሞተር መሆኑን ሳያረጋግጥ «ነዳጅ ማነስ ሞተር ያጠፋል» ብሎ መጻፍ የለበትም።

የነዳጁም ስም ጥንቃቄ ይሻል። አሜሪካኖች ቤንዚንን ባጭሩ «ጋዝ» ይሉታል፤ በእኛ አገር ግን ነጭ ጋዝ የሚባለው ለፋኖስና ለምድጃ የሚሆነው ላምባ ነው። «ነዳጅ» ደግሞ ሁሉን ይጠቀልላል። ኤታኖል የሚፈልገው አየር ለ1 ኪሎ ግራም 9 ኪሎ ግራም ብቻ ስለ ሆነ፣ ለዚያው አየር ከቤንዚን ይልቅ ብዙ ኤታኖል መርጨት ያስፈልጋል። ስለዚህ ምንጩ ቤንዚን ካለ ትርጉሙም ቤንዚን ይበል።

፱. ማጠቃለያ

ያቀረብናቸውን ስሞች በአንድ ላይ ለማሰባሰብ ያህል፦

ኢንጀክተር ወይም ነዳጅ መርጫ — ዕቃው በሙሉ፤ ኖዝል — ጫፉ፤ መርፌ — በውስጡ ተነሥታ የምትመለሰው።
የመርጨት ዐቅም — በታወቀ ግፊት ያለማቋረጥ ተከፍቶ በአንድ ደቂቃ የሚያሳልፈው ነዳጅ።
የነዳጅ ፍጆታ ምጣኔ — በዘንግ ላይ ለተለካ አንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት የሚቃጠል ነዳጅ።
የክፍት ጊዜ ድርሻ — ከአንድ የሥራ ዑደት ውስጥ ኢንጀክተሩ ተከፍቶ የሚቆይበት ክፍል።
ትርፍ ግፊት — ከአካባቢው አየር በላይ ያለው፤ ጠቅላላ ግፊት — ከባዶ የተቈጠረው።
የቀጠነ ድብልቅ፣ የወፈረ ድብልቅ — ነዳጅ ያነሰውና ነዳጅ የበዛበት።

እነዚህ ስሞች ከግእዝም፣ ከጋራዥም፣ ከማጀትም የተወሰዱ ናቸው። ከየትም ይምጡ፣ ሥራቸው አንድ ነው፤ ይኸውም አንባቢው በቁጥር መካከል መንገድ እንዳይስት መምራት ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ለእያንዳንዱ ስም ፍች ብቻ ሳይሆን መለኪያውንና የሚነገርበትን ሁኔታ አብሮ ቢያስቀምጥ፣ ተርጓሚውም ረቂቁን ከማስረከቡ በፊት በመጽሐፉ ያለውን ስሌት በራሱ አማርኛ አንድ ጊዜ ቢሠራው፣ ብዙ ስሕተት ከመታተሙ በፊት ይያዛል። ስሌቱን መሥራት ያቃተው ተርጓሚ ቃሉን ገና አላገኘውም ማለት ነው፤ መጽሐፉን አምኖ ኢንጀክተር የሚገዛው መካኒክም ያንኑ ስሌት እንደገና የሚሠራው በደንበኛው ሞተር ላይ ነው።